አክተር አይሞትም፤ ኦርላንዶ ግን ይሞታል

«አክተር አይሞትም» የሚለውን ብሂል ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። በቪዲዮ ቤቶች ዘመን ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ግን ብሂሉን ያውቀዋል። «አክተር» ማለት በዚያ ዘመን ቋንቋ ማንኛውም ተዋናይ ማለት አልነበረም፤ ዋናው ጀግና ማለት ነበር እንጂ። ጥይት እንደ በረዶ ቢዘንብበት፣ ከፎቅ ቢወረወር፣ ወንዝ ቢወስደው፣ አክተር ይተርፋል። ጓደኛው ሊሞት ይችላል፤ ወንድሙማ መሞቱ የማይቀር ነው፤ እርሱ ግን ይተርፋል። ታናሽ ልጅ በጭንቀት ዓይኑን ሲከድን ታላቁ ከጎኑ ሆኖ «አትፍራ፣ አክተር አይሞትም» ይለው ነበር።

ቀልድ ይመስላል። እኔ ግን ይህን ብሂል እንደ አንድ የትረካ ሕግ ስቆጥረው ኖሬአለሁ። ሕግ ከሆነ ደግሞ የሚጠብቀውም የሚሽረውም አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ሕጉን እስከ መጨረሻው ድረስ የሚጠብቅ አንድ ፊልምና ሕጉን በየምሽቱ የሚሽር አንድ የአሻንጉሊት ቴአትር ነው። ፊልሙ በ1978 ለእይታ የበቃው የሪቻርድ ዶነር «ሱፐርማን» ነው። ቴአትሩ ሲሲሊያውያን «ኦፔራ ዴይ ፑፒ» ብለው የሚጠሩት፣ በጥሩርና በራስ ቁር የታጠቁ የእንጨት ጦረኞች የሚፋለሙበት መድረክ ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው ስለተመሳሰሉብኝ ነው። በሁለቱም ልዩ ኃይል ያለው ጀግና አለ። በሁለቱም ጀግናው ከሩቅ የሚለይበት ምልክት ይይዛል፤ አንዱ በደረቱ፣ ሌላው በጋሻው። ሁለቱም መነሻቸው ተከታታይ ትረካ ነው። ሁለቱም ጀግና በገመድና በብረት ተንጠልጥሎ የሚንቀሳቀስባቸው ናቸው። ልዩነታቸው ያለው በሞት ላይ ነው፤ ለእኔ ቁም ነገሩም እዚያ ላይ ነው።

* * *

በፊልሙ ልጀምር። ሱፐርማንን ያየሁት እንደ እኩዮቼ ሁሉ በቪዲዮ ካሴት ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ድምፁ የሚንሻጠጥ ካሴት ነበር። በኋላ በአዋቂነቴ በጥሩ ቅጂ ደግሜ አየሁት። በልጅነቴ የወደድኩት በረራውን ነበር። በአዋቂነቴ የያዙኝ ግን ሁለት ሞቶች ናቸው።

የመጀመሪያው የአሳዳጊው የጆናታን ኬንት ሞት ነው። ከጠፋችው ፕላኔት ከክሪፕተን የተላከውን ሕፃን ከሜዳ አንሥቶ ያሳደገው የካንሳስ ገበሬ ከልጁ ጋር ቆሞ ሲነጋገር፣ ክንዱን ይይዝና ይወድቃል፤ ልቡ ቆመ። ልጁ በመቃብሩ አጠገብ ከእናቱ ጋር ቆሞ፣ ይህን ሁሉ ኃይል ይዞ ሊያድነው አለመቻሉን ይናገራል። ከባቡር ፈጥኖ የሚሮጥ፣ ኳስ መትቶ ከሰማይ የሚያደርስ ጎረምሳ አንዲት የደም ሥር መክፈት አልቻለም። በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ እውነት የለም እላለሁ።

ሁለተኛው የጋዜጠኛዋ የሎይስ ሌን ሞት ነው። ክፉው ሌክስ ሉተር ሁለት ሚሳይሎችን ወደ ሁለት አቅጣጫ ይተኩሳል። ሱፐርማን አስቀድሞ በገባው ቃል መሠረት ወደ ምሥራቅ የሄደውን ያስቀድማል፤ በካሊፎርኒያ በኩል ምድር ትሰነጠቅና ሎይስን ከነመኪናዋ ትውጣታለች። ደርሶ ከአፈር ያወጣታል፤ ነገር ግን ሞታለች። በዚያን ጊዜ የሥጋ አባቱ የጆር-ኤል ትእዛዝ ይታወሰዋል፤ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ጣልቃ መግባት የተከለከለ መሆኑ። እርሱ ግን ትእዛዙን ጥሶ ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ምድርን ይዞር ይዞርና ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። የፈረሰው ግድብ ይጠገናል፣ የተሰነጠቀው መሬት ይገጥማል፤ ሎይስም ምንም እንዳልተፈጠረ መኪናዋ አልነሣ ስላላት ስትነጫነጭ ትገኛለች።

ይህ ፍጻሜ በመጀመሪያ የታሰበው ለሁለተኛው ፊልም ነበር። ሁለቱ ፊልሞች በአንድነት ይቀረጹ ስለነበር፣ ሥራው ሲጣደፍ ከሁለተኛው ተነቅሎ ለመጀመሪያው ተሰጠ። ታሪክን መገልበጥ እንደ ዕቃ ከአንድ መጋዘን ወደ ሌላው የሚዛወር መፍትሔ ሆነ ማለት ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ይህ አይደለም። የሚቆረቁረኝ ጥያቄ፣ ለሎይስ የሆነው ለጆናታን ኬንት ለምን አልሆነም? የሚለው ነው። ጊዜን መመለስ የሚቻል ከሆነ የመቃብሩ ዳር ቃል ምን ዋጋ አለው? ፊልሙ በመካከሉ የነገረንን ትልቅ ነገር በመጨረሻው ወሰደብን።

ይሁንና በዚህ ፊልም ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ከጀርባው ሌላ ታሪክ አለና። ሱፐርማንን የፈጠሩት በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ሁለት የአይሁድ ስደተኛ ቤተሰብ ልጆች፣ ደራሲው ጄሪ ሲግልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር ናቸው። የሲግል አባት ልብስ ሻጭ ነበር። በ1932 ሱቁ ውስጥ ሌቦች ገብተውበት በዚያው ልቡ ቆሞ ሞተ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ ልጁ ጥይት የማይበሳውን፣ ወንጀለኛን እንደ ሕፃን የሚያነሣውን ሰው ለዓለም ሰጠ። ይህን ከዚያ ጋር ያያያዙ ጸሐፊዎች አሉ። ሲግል ራሱ ያሰበው ምን እንደነበር የሚዳኝ የለም፤ ነገር ግን ይህን ካወቅሁ በኋላ የጆናታን ኬንትን መውደቅ ያለ ሐዘን ማየት አልቻልኩም። የኢኮኖሚ ድቀት በነበረበት በዚያ አስከፊ ዘመን፣ ለድሃ ልጅ የማይሞት ጀግና ቅንጦት አልነበረም።

ሁለቱ ወጣቶች የጀግናቸውን ሙሉ መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ጀግናው ባለጸጋ ሲሆን እነርሱ ድሃ ሆነው ቀሩ፤ የሹስተር ዓይንም እየደከመ ሄደ። ፊልሙ ሊሠራ ሲል አቤቱታቸው በአደባባይ ስለተሰማ፣ በ1975 ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፈላቸውና ስማቸው እንደገና ሊጻፍላቸው ተስማሙ። በዚያው ፊልም ጆር-ኤልን ሆኖ ለጥቂት ደቂቃዎች ለታየው ለማርሎን ብራንዶ የተከፈለው 3.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከትርፉ የሚታሰብለት ድርሻ ሳይቆጠር። ስለዚህ አክተር የማይሞትበትን ሌላ ምክንያት እናውቃለን። ጀግናው የአንድ ድርጅት ንብረት ሆኗል፤ ንብረት ደግሞ እንዲሞት አይፈቀድለትም።

* * *

አሁን ወደ ሲሲሊ ልሻገር። በፓሌርሞ ከተማ፣ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከትልቅ ሳሎን እምብዛም የማይበልጥ አንድ ቲያትር ቤት ገብቼ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጣልያንኛዬ የጎደለ ነው፤ የሲሲሊን ቋንቋ ደግሞ ጨርሶ አላውቅም። ሆኖም መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ ብዙ ትርጉም አላስፈለገኝም።

የፓሌርሞ ፑፒ ቁመታቸው አንድ ሜትር የማይሞላ፣ በእንጨት የተጠረቡ፣ በተቀጠቀጠና በተቀረጸ የብረት ልብስ ያሸበረቁ ናቸው። ጉልበታቸው ይታጠፋል፤ ሰይፋቸውንም ከሰገባው መዝዘው መመለስ ይችላሉ። በደሴቲቱ ምሥራቅ በካታኒያ የሚሠሩት ከእነዚህ በጣም ይገዝፋሉ፣ ይከብዳሉም፤ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ እየተገተሩ ይራመዳሉ፣ ሰይፋቸውም ከእጃቸው አይለይም። በሁለቱም ዘንድ ዋናው መያዣ ክር ሳይሆን የብረት ዘንግ ነው። አንዱ ዘንግ በጭንቅላቱ በኩል ያልፋል፣ ሌላው ቀኝ እጁን ይይዛል።

ይህ ዘንግ አይደበቅም። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ ብረት ከጀግናው አናት ወጥቶ ወደ ላይ ሲሄድ ሁሉም ያየዋል። አልፎ አልፎ የአሻንጉሊቱ ጌታ፣ ፑፓሮው፣ ክንዱ ሳይቀር ብቅ ይላል። ውጊያው ሲጋጋል በጫማው ወለሉን ይረግጣል፤ ሰይፍ ከጋሻ ሲጋጭ፣ የእግሩ ድብደባ ሲፈጥን፣ በእጅ የሚዘወረው ፒያኖ ሲንጫጫ ቤቱ ይናወጣል። በፓሌርሞ ልማድ ንጉሡንም ከሃዲውንም ልዕልቲቱንም በድምፁ የሚጫወተው አንዱ ፑፓሮ ነው። ጭንቅላቱ ለሁለት የሚከፈል፣ ወገቡ ላይ የሚቆረጥ ልዩ አሻንጉሊትም አለ፤ ሬሳው በመድረኩ ላይ ይከመራል። ሕፃናቱ ይስቃሉ። እኔም ሳቅሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ግን አልጠበቅሁትም። ከላይ ብረቱ እየታየኝ፣ የእንጨት እጅ መሆኑን እያወቅሁ፣ ኦርላንዶ ቀንደ መለከቱን ወደ አፉ ባነሣ ጊዜ ጉሮሮዬ ተያዘ።

ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ በ1615 በወጣው በ«ዶን ኪሆቴ» ሁለተኛ ክፍል ስለዚህ ነገር ጽፏል። ዶን ኪሆቴ የአሻንጉሊት ትርኢት ሲያይ፣ የተሸሹት ፍቅረኞች ሊያዙ መሆኑን ተመልክቶ ሰይፉን ይመዛል፤ አሳዳጆቹን አሻንጉሊቶች ሁሉ ይከታትፋቸዋል። ያ ትርኢትም የሻርለማኝን ዘመን ጦረኞች የሚመለከት ነበር። እብድ ስለሆነ እንስቅበታለን፤ ነገር ግን በዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ዶን ኪሆቴን ይረዳዋል።

ሱፐርማንን የሚያሳየው ካሜራ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሪቭ በሽቦ ተሰቅሎ፣ በክሬን ተነሥቶ፣ ከፊት በሚወረወር የምስል ብርሃን እየታገዘ በረረ። እርሱም ለጊዜው አሻንጉሊት ነበር። ሞተር በሌለው አውሮፕላን መብረር ያውቅ ስለነበር ነፋስ ላይ ያለ ሰው አካሉን እንዴት እንደሚያዘነብል ከራሱ ልምድ ጨመረበት። የባለሙያዎቹ ድካም ሁሉ ግን ሽቦውን ለማጥፋት ነበር፤ በዚህም ተሳክቶላቸው ፊልሙ በእይታ ውጤቱ ልዩ ኦስካር ተሸለመ። አንደኛው ጥበብ «ሽቦ የለም፣ እመን» ይላል። ሁለተኛው «ብረቱ ይኸው፣ ብትፈልግ እመን» ይላል። የሚገርመው በእኔ ዘንድ ይበልጥ የታመነው ብረቱን ያሳየው መሆኑ ነው።

* * *

ኦርላንዶ ማን ነበር? የታሪክ መዝገብ ስለ እርሱ የሚለው ከአንድ ዓረፍተ ነገር እምብዛም አይበልጥም። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ778 ወደ ስፔን ዘምቶ፣ ሳራጎሳን መያዝ ሳይሆንለት፣ የፓምፕሎናን ቅጥር አፍርሶ ሲመለስ፣ በፒሬኔ ተራሮች መተላለፊያ ላይ ደጀኑ ተከበበ። የንጉሡ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ አይንሃርድ፣ ከሞቱት መኳንንት መካከል የብሪታኒ ጠረፍ ገዢ የነበረውን ሮላንን በስም ይጠቅሰዋል። ወራሪዎቹ የተራራው ሰዎች፣ ባስኮች ነበሩ። ዘርፈው በጨለማ ተበተኑ። ንጉሡ ሊበቀላቸው እንኳ አልቻለም።

ከ300 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1100 አካባቢ፣ ይኸው ሽንፈት 4,000 ያህል ስንኞች ያሉት የፈረንሳይኛ የጀግንነት ግጥም ሆኖ ብቅ አለ። ሮላን የንጉሡ የእህት ልጅ ሆነ። የእንጀራ አባቱ ከሃዲ ሆኖ ሸጠው። ባስኮቹ ጠፍተው በቦታቸው የትየለሌ የሳራሴን ሠራዊት ቆመ። ከዚያ ወደ ጣልያን ተሻግሮ ሮላን ኦርላንዶ ተባለ፤ ቦያርዶና አሪዮስቶ ፍቅርና እብደት ጨመሩለት። በ1858 እና በ1860 መካከል ጁስቶ ሎዲኮ የተባለ ሲሲሊያዊ ይህን ሁሉ በአንድነት ሰብስቦ በዝርው አሳተመው፤ ፑፓሮዎቹም የየምሽት ትርኢታቸውን ከእርሱ ቀዱ። ሙሉው ዑደት በየምሽቱ እየቀጠለ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችል ነበር። ሠራተኛው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጋሪ ነጂው ማታ ማታ እየመጣ «ትናንት የት ነበር ያቆምነው?» ይላል።

ልብ እንበል፤ በሺህ ዓመት ጉዞ ውስጥ ያልተለወጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጠላት ተለወጠ፣ ዘመድ ተለወጠ፣ ስም ተለወጠ፣ ቋንቋ ተለወጠ። ታሪክን መለወጥ የጀመረው ሱፐርማን አይደለም። ነገር ግን ከአይንሃርድ እስከ ፓሌርሞ ድረስ ማንም ያልነካው አንድ ነገር አለ፤ የኦርላንዶ ሞት። ገጣሚዎቹ ዘንዶም የሚበር ፈረስም ሲፈጥሩ፣ ከዚያ ተራራ በሕይወት ሊያወጣው የደፈረ አላየሁም። ለድሃው ተመልካች መራር ሆኖ ሳለ ሞቱን ጠበቁለት። በዚያ መተላለፊያ ላይ መለከቱን እስከ መጨረሻው ዘግይቶ ይነፋል፤ ከንፋቱ ብርታት የተነሣ ጸጉረ ልውጡ የሞት ደም በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ሰይፉ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ከዓለት ጋር እያጋጨ ሊሰብረው ይሞክራል፤ ሰይፉ አይሰበርም። ከዚያ ይተኛል።

ሰይፉን ከዓለት ጋር ሲያጋጭ ሳይ አንድ ኢትዮጵያዊ ማን ትዝ ሊለው እንደሚችል አንባቢ አያጣውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አፋፍ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ላለመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ ሽጉጡም ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ነበር። ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት እስከ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደራስያኖቻችን ወደዚህ ሰው ተመላልሰዋል። ተመልካቹም ፍጻሜውን አላውቅ ብሎ አይደለም ቴአትር ቤት የሚገባው። እንዲያውም ስለሚያውቀው ነው የሚገባው። መቅደላ ላይ ያልሞተ ቴዎድሮስ ቢያሳዩት «ይሄማ የእኛ አይደለም» ብሎ የሚወጣ ይመስለኛል።

* * *

በፓሌርሞው ቤት ያላስደሰተኝን ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ሳራሴኖቹ በልብሳቸው ይለያሉ፤ ሰፊ ሱሪ፣ ጥምጥም፣ የጨረቃ ምልክት። ከእነርሱም ፊታቸው ጠቆር ተደርጎ የተቀባ ነበሩ። በተራ ይገባሉ፣ በተራ ይወድቃሉ። በቤቱ ከነበርነው ተመልካቾች መካከል ቆዳዬ ለእነዚያ አሻንጉሊቶች የቀረበ እኔ ብቻ ነበርኩ። ማንም ወደ እኔ አላየም፤ እኔ ግን ሬሳው ሲከመር ቆጠርኩ። እነዚህ ሰዎች በዚያ ተራራ ላይ እንዳልነበሩ፣ የባስኮችን ሞት እየሞቱ እንደሆነ ባውቅም ሐሳቤ አልቀለለኝም።

ይህን ስል የራሳችንን ሥዕል አልረሳም። በእኛ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ልማድ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የዐድዋን ጦርነት የሣሉ ሠዓሊዎችም ጣልያኖቹን በዚሁ ልማድ በአንድ ዓይን ሥለዋቸዋል። ጠላትን ከሩቅ እንዲታወቅ ማድረግ የሁሉም ሕዝብ ጥበብ ነው።

ዐድዋን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከጄኔራል አልቤርቶኔ ጋር ከተሰለፉት መካከል የሲሲሊ መድፈኞች ነበሩ፤ በመድፎቻቸው አጠገብም አለቁ። በመሢና ከተማ መታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት በሲሲሊ ገበሬዎችና ሠራተኞች በግብርና በመሬት ጥያቄ ተነሥተው ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍራንቼስኮ ክሪስፒ፣ ራሱ የሲሲሊ ተወላጅ ሆኖ፣ በ1894 ወታደራዊ አዋጅ አውጆ በጦር ደፈጠጣቸው። ወደ አፍሪካ የዘመተውም የዚሁ ሰው መንግሥት ነው። ማታ ማታ ለኦርላንዶ ያለቀሱ የድሃ ልጆች፣ ራሳቸው በተራራ ላይ በሰው አገር እንዲሞቱ ተላኩ። ብረቱን ማን እንደያዘው ግን በዚያ መድረክ ላይ አይታይም ነበር። ለነጻነታቸው የቆሙት አባቶቻችን ድል አድርገዋል፤ በዚህ እኮራለሁ። ያም ሆኖ የእነዚያን መድፈኞች ሞት ለማሰብ አሁን ከቀድሞው ይቀለኛል፤ ይህን ያስተማረኝ የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን የእንጨት አሻንጉሊት ነው።

በዚያው ታሪክ ጋኖ የሚባል ከሃዲ አለ። ተመልካቹ እርሱን አይቶ አይችልም ነበር፤ ይሰድበዋል፣ ያገኘውን ይወረውርበታል። እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ባንዳ እንለዋለን። ቃሉ ራሱ ከጣልያኖቹ ጋር የመጣ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። የሲሲሊ ድሃ ከንጉሡ ይልቅ፣ ከታማኙ ከኦርላንዶም ይልቅ የወደደው ሪናልዶን እንደነበረም ይነገራል፤ ሪናልዶ ለንጉሥ የማይንበረከክ፣ የተሰደደ፣ በጋሻው አንበሳ የያዘ አመፀኛ ነው። ለምን እንደወደደው ከ1894 በኋላ መጠየቅ አያስፈልግም።

* * *

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ አግሪፒኖ ማንቴዮ የተባለ ሲሲሊያዊ ስደተኛ በኒው ዮርክ፣ በመልበሪ ስትሪት፣ ከቤተሰቡ ጋር እነዚህኑ ጦረኞች ያጫውት ነበር። ሱፐርማን በ1938 በመጽሔት የወጣው በዚያችው ከተማ ነው። አንዱ ስደተኛ የአያቶቹን ጀግና በብረት ይዞ ሲያንቀሳቅስ፣ የሌሎች ስደተኞች ልጆች አዲስ ጀግና ሸጡ። አንዱ ሌላውን አይቶት ይሆን ብዬ አልጨነቅም፤ ለእኔ የሚበቃኝ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ረኃብ መወለዳቸው ነው። ቀን ሲረገጥ የዋለ ሰው ማታ የማይረገጥ ሰው ማየት ይፈልጋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሲሲሊ ቴሌቪዥን ሲመጣና ኑሮ ሲለወጥ አዳራሾቹ ባዶ ሆኑ። ፑፓሮዎች ቤተሰባቸውን ለመመገብ ጦረኞቻቸውን ለቅርስ ነጋዴ ሸጡ። አንቶኒዮ ፓስኳሊኖ የተባለ የፓሌርሞ ቀዶ ሐኪም ይህ አሳስቦት፣ ከባለቤቱና ከወዳጆቹ ጋር አሻንጉሊቶቹን እየሰበሰበ በ1975 ሙዚየም አቋቋመ። ዩኔስኮ በ2001 የሰው ልጆች ድንቅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ አወጀው፤ በ2008ም በዝርዝሩ ላይ አሰፈረው። የማይሞተው ጀግና በየዓመቱ በየሲኒማው አዲስ ልብስ ሲለብስ፣ የሚሞተው ጀግና ራሱ ከመሞት የዳነው በአንድ ሐኪም ነው።

ክሪስቶፈር ሪቭ በግንቦት 1995 ከፈረስ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ፤ ከዚያም በኋላ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ጥቅምት 2004 ድረስ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በመሣሪያ እየተነፈሰ ለአካል ጉዳተኞችና ለአከርካሪ ሕክምና ምርምር ተሟገተ። ጊዜን የሚመልስለት አልነበረም። ብዙዎች ያን ጊዜ ነው ጀግና ብለው የጠሩት፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ፊልሙ በመቃብሩ ዳር ጀምሮ ያልጨረሰውን ነገር ተዋናዩ በዘጠኝ ዓመት ኑሮው ጨረሰው።

ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ለሚለኝ፣ ለልጅ ሱፐርማንን፣ ለሐዘንተኛ ኦርላንዶን እመርጣለሁ እላለሁ። ልጅ ዓለም ሊጠገን እንደሚችል ማመን አለበት፤ አለዚያ አያድግም። ሐዘንተኛ ግን የማይጠገነውን አብሮት የሚመለከት ሰው ይሻል። አባቱ በሱቁ ውስጥ የሞተበት ጄሪ ሲግል ምናልባት ሁለቱንም ነበር። የፓሌርሞው ትርኢት ሲያበቃ ፑፓሮው፣ ላቡን እየጠረገ፣ ወደ ፊት ወጥቶ እጅ ነሣ፤ ሽማግሌ ነበር፣ ክንዱም ወፍራም ነበር። ከተመልካቾቹ አንድ ትንሽ ልጅ ወደ መድረኩ ጠርዝ ቀርቦ የኦርላንዶን ፊት ነካ። ፑፓሮው አልከለከለውም፤ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ያስይዘው ጀመር። ልጁ በሁለት እጁ ይዞ ሊያነሣው ቢታገል ከበደው።